በጣም በቀጠነ ብጥብጥ ውስጥ የእያንዳንዱን አዮን የኮንዳክቲቪቲ ድርሻ መለካት፦ ዝርዝር መመሪያ ለጅማ ላቦራቶሪዎች

0.01 ሚሊሞል በሊትር የሆነ የፖታሲየም ክሎራይድ ብጥብጥ አዘጋጅተው ኮንዳክቲቪቲውን (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን) ሲለኩ ስሌቱ 1.5 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ይልዎታል፣ ሜትሩ ግን 2.4 ወይም 3 ያሳያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሜትሩን ይጠረጥራል፤ ካሊብሬት ያደርጋል (ዋጋው በሚታወቅ ብጥብጥ ያስተካክለዋል)፣ ባትሪ ይቀይራል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። አብዛኛውን ጊዜ ሜትሩ ትክክል ነው። ያልተጠሩ አዮኖች (ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶች) ከአየር፣ ከዕቃው ወይም ከእጅዎ ገብተዋል፤ ሜትሩም እነሱን ጨምሮ እየቆጠረ ነው። ይህ መመሪያ የእነዚህን አዮኖች ድርሻ ለይቶ እስከ ማስላት ድረስ ይወስድዎታል።

በዚህ ጽሑፍ «ማይክሮሲመንስ» ስንል ሁልጊዜ በሴንቲሜትር ነው፣ «ሚሊሞል» ስንልም በሊትር ነው። ሙቀቱ ካልተጠቀሰ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የሚያስፈልግዎት ስሌት

ብጥብጡ በጣም ሲቀጥን አዮኖቹ እርስ በርሳቸው ስለሚራራቁ አንዱ የሌላውን ጉዞ አያደናቅፍም። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ይዞ ይመጣል፣ ጠቅላላው ኮንዳክቲቪቲም የድርሻዎቹ ድምር ነው። ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦

ድርሻ በማይክሮሲመንስ = የአዮኑ ቁጥር × መጠኑ በሚሊሞል

የአዮኖቹ ቁጥሮች (የሞላር አዮናዊ ኮንዳክቲቪቲ፣ በሲመንስ ሴንቲሜትር ካሬ በሞል) እነዚህ ናቸው። ደብተርዎ ላይ ይገልብጧቸው፣ እስከ መጨረሻው ያስፈልጋሉ።

- ሃይድሮጅን 349.8
- ሃይድሮክሳይድ 198.6
- ፖታሲየም 73.5
- አሞኒየም 73.5
- ሶዲየም 50.1
- ካልሲየም 119
- ማግኒዥየም 106
- ክሎራይድ 76.3
- ናይትሬት 71.4
- ሰልፌት 160
- ባይካርቦኔት 44.5
- አሲቴት 40.9

ዝርዝሩን በንጹህ ውሃ ይፈትኑት። ፍጹም ንጹህ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅንም ሃይድሮክሳይድም 0.0001 ሚሊሞል ናቸው። 349.8 እና 198.6 ሲደመሩ 548.4፣ በ0.0001 ሲባዛ 0.055 ማይክሮሲመንስ ይሆናል። ከዚህ በታች የወረደ ውሃ በ25 ዲግሪ የለም። ሜትርዎ 0.00 ካሳየ ፕሮቡ (ውሃ ውስጥ የሚገባው የሜትሩ ክፍል) አልተነከረም፣ ወይም የሜትሩ የመለኪያ ወሰን ተሳስቷል።

ብጥብጡ ሲወፍር ድምሩ ይበላሻል፤ አዮኖች መጎታተት ይጀምራሉ። የኮልራውሽ ሕግ እንደሚለው ቅነሳው ከመጠኑ ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ይሄዳል። ለፖታሲየም ክሎራይድ ገደቡ (ብጥብጡ እጅግ ሲቀጥን የሚደርስበት የሞላር ኮንዳክቲቪቲ) 149.8 ነው። በ0.1 ሚሊሞል 148.9፣ በ1 ሚሊሞል 146.9፣ በ10 ሚሊሞል 141.3 ይሆናል። ስለዚህ ከ0.1 ሚሊሞል በታች ቀጥታ መደመር ከ1 በመቶ ያነሰ ስሕተት ብቻ ያመጣል። ከ1 ሚሊሞል በላይ ግን በቀጥታ አይደምሩ።

ደረጃ 1፦ ዕቃዎችን ይምረጡ

1. ሜትር። 0.01 ማይክሮሲመንስ ድረስ የሚያሳይ ይፈልጉ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ብዕር መሰል ቲዲኤስ (የሟሙ ነገሮች መጠን) ሜትር ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚያሳየው ኮንዳክቲቪቲውን በ0.5 ወይም በ0.7 አባዝቶ ነው፣ አንድ እርምጃውም ወደ 2 ማይክሮሲመንስ ይጠጋል። 0.01 ሚሊሞል ጨው የሚያመጣው ለውጥ ከዚያ ያንሳል።
2. ፕሮብ። የሴል ቋሚው (በኤሌክትሮዶቹ፣ ማለትም በፕሮቡ ውስጥ ባሉት ሁለት ብረቶች፣ ርቀትና ስፋት የሚወሰነው ቁጥር) 0.1 የሆነ ይምረጡ። ቋሚው 1 የሆነ የተለመደ ፕሮብ 1 ማይክሮሲመንስ ውሃ ውስጥ 1 ሚሊዮን ኦም ይገጥመዋል፤ በዚህ ጊዜ የኬብሉ እርጥበትና ጥራት ራሱ ንባቡን ያዛባል። ኤሌክትሮዱ ጥቁር ፕላቲነም የተቀባ ከሆነ ይተዉት። ጥቁሩ ሽፋን ካለፈው ብጥብጥ አዮን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ ይለቃል።
3. ጠርሙስ። 250 ሚሊሊትር የፖሊኢትሊን ወይም የፖሊፕሮፒሊን ጠርሙስ ይውሰዱ። ተራ ብርጭቆ ሶዲየም ይለቃል። የቦሮሲሊኬት ብርጭቆ ይሻላል፣ ግን ውሃ አያሳድሩበት። የሃይላንድ ላስቲክ በደንብ ከታጠበ በቸገረ ጊዜ ያገለግላል፤ ውስጡ የነበረው የመጠጥ ውሃ ግን ማዕድን ስላለው ለማቅጠኛ አይሆንም።
4. ማይክሮፒፔት፣ 200 ማይክሮሊትር። ከሌለዎት 1 ሚሊሊትር ፒፔትና 1 ሊትር ውሃ ይጠቀሙ፤ ምጥጥኑ አንድ ነው።
5. ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ ባልዲና ዱቄት የሌለበት ጓንት።

የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መልቲሜትር ኦም ላይ አድርጎ በሁለት ሽቦ መለካት አይሠራም። ቀጥተኛ ጅረት ስለሚልክ አዮኖቹ ኤሌክትሮዱ ላይ ይከማቻሉ፣ ንባቡም ዝም ብሎ ሲሄድ ይቆያል። ኮንዳክቲቪቲ ሜትር በተለዋጭ ጅረት የሚሠራው ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ይጠቡ

0.1 ሚሊግራም የገበታ ጨው በ100 ሚሊሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ ንባቡን በ2.2 ማይክሮሲመንስ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ይህን ያህል ጨው ለዓይን አይታይም፤ ላብ የነካው ጣት ላይ ግን ይገኛል። ስለዚህ፦

1. ጠርሙሱንና ክዳኑን በቧንቧ ውሃ ያለቅልቁ። ሳሙና ከተጠቀሙ ቢያንስ 10 ጊዜ ያለቅልቁ።
2. በዲስቲልድ ውሃ 3 ጊዜ ያለቅልቁ። በእያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ ውሃ ጨምረው፣ ዘግተው፣ ነቅንቀው ይድፉ። በትንሽ በትንሹ 3 ጊዜ ማለቅለቅ አንድ ጊዜ ሞልቶ ከመድፋት በእጅጉ ይበልጣል።
3. ዲስቲልድ ውሃ ሞልተው ያሳድሩ። ጠዋት ይለኩት። ማታ ከነበረው ከ0.3 ማይክሮሲመንስ በላይ ከጨመረ ጠርሙሱ ገና እየለቀቀ ነው፤ ደፍተው እንደገና ያሳድሩ።
4. ከዚህ በኋላ የጠርሙሱን አፍ፣ የክዳኑን ውስጥና የፕሮቡን ጫፍ በባዶ እጅ አይንኩ። ኤሌክትሮዱን በጨርቅ ወይም በሶፍት አይጥረጉ፤ አራግፈው በሚለካው ውሃ ያለቅልቁት።

ደረጃ 3፦ ውሃውን ያዘጋጁ

ሥራው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አይቸኩሉ።

አዲስ የወጣ ዲስቲልድ ወይም ዲአዮናይዝድ (በዲአዮናይዘር አዮኖቹ የተወገዱለት) ውሃ ይውሰዱ። ዲአዮናይዘሩ ከትናንት ጀምሮ ቆሞ ከነበረ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን 1 ሊትር ይድፉ። ጋራዥና ነዳጅ ማደያ የሚሸጥ የባትሪ ውሃ አንዳንዱ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ሳይለኩ አይመኑት። ከ2 ማይክሮሲመንስ በላይ የሆነ ውሃ ለዚህ ሥራ አይውሰዱ።

ቀጥሎ አየር አለ። የአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሃይድሮጅንና ባይካርቦኔት ይሰጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጠው በጅማ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ወደ 18 በመቶ ያነሰ ስለሆነ የሚሟሟው ጋዝም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ከአየር ጋር የተመጣጠነ ንጹህ ውሃ እዚህ ወደ 0.0023 ሚሊሞል ሃይድሮጅንና ያንኑ ያህል ባይካርቦኔት ይይዛል። 349.8 እና 44.5 ደምረው በ0.0023 ያባዙ፤ 0.9 ማይክሮሲመንስ ያገኛሉ። በመግቢያው ላይ 1.5ን 2.4 ያደረገው ይህ ነው።

ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሁለት ዓይነት አያያዝ አለ። አንዱ ማስወጣት፣ ሌላው እንዲመጣጠን ለቆ መቀነስ ነው። ለጨው ብጥብጥ ሁለተኛውን ይምረጡ። ናይትሮጅን ሲሊንደር በሌለበት ላቦራቶሪ ጋዙን አስወጥቶ መልሶ እንዳይገባ መጠበቅ የማያባራ ትግል ነው። ተመጣጥኖ የቆመ ንባብ ግን ቀኑን ሙሉ ባለበት ስለሚቆይ በቀላሉ ይቀነሳል።

ለማመጣጠን፦

1. 1 ሊትር ጠርሙስ እስከ ግማሹ ይሙሉ፣ ይዝጉ፣ ለ1 ደቂቃ በብርቱ ይነቅንቁ።
2. ክዳኑን ከፍተው በውስጡ ያለው አየር እንዲቀየር ያድርጉ። በአፍዎ አይንፉበት፤ ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከአየር በ100 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።
3. ከ6 እስከ 8 ጊዜ ይድገሙ። ሁለት ተከታታይ ንባቦች ከ0.02 በላይ ካልተለያዩ ተመጣጥኗል።

መስኮት ይክፈቱ። ተማሪ የሞላበትና የተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በሚሊዮን ወደ 1,000 ሲደርስ ያው ውሃ 1.4 ያሳያል። ሁለት በር አልፎ ቡና የሚፈላ ከሆነም ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ንባብዎን ቀስ እያለ ሲያነሳው ያያሉ። በጅማ ቡናው አይቀርም፤ ስለዚህ ልኬቱን ከቡናው ሰዓት በፊት ይጨርሱ።

ቢበላሽ፦ ውሃው ተመጣጥኖም ከ1.5 በላይ ከቆመ ትርፉ ጨው ነው። ማፍላት ጋዙን እንጂ ጨውን አያስወግድም፤ ሌላ ውሃ ይፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ሙቀቱን 25 ላይ ያቁሙ

የጨው ብጥብጥ ኮንዳክቲቪቲ በየዲግሪው ወደ 2 በመቶ ይቀየራል። በጅማ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ላቦራቶሪው 17 ወይም 18 ዲግሪ ሆኖ ከቀትር በኋላ 25 ሊያልፍ ይችላል። ጠዋት የተለካውና ከሰዓት የተለካው ከ14 በመቶ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው።

ሜትሩ ሙቀቱን በራሱ ቢያስተካክልም አይተማመኑበት። ማስተካከያው ብዙውን ጊዜ 2 በመቶ የሚል ቋሚ ቁጥር ነው። ንጹህ ውሃ ግን በ25 ዲግሪ አካባቢ በየዲግሪው ወደ 5 በመቶ ይለወጣል። ብጥብጡ ሲቀጥን ከሁለቱ የትኛው እንደሚገዛ ይቀያየራል።

1. አውቶማቲክ ማስተካከያውን ያጥፉ።
2. 15 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በውሃ ይሙሉ። የፈላ ውሃ እየጨመሩ 25.2 ያድርሱት።
3. ጠርሙሱን፣ የጨው ክምችቱን (በደረጃ 6 የሚዘጋጀውን ወፈር ያለ ብጥብጥ) እና ስታንዳርዱን (በደረጃ 5 የሚያስፈልገውን ኮንዳክቲቪቲው የታወቀ ብጥብጥ) አብረው ይንከሩ። 30 ደቂቃ ይጠብቁ።
4. በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ከ24.9 እስከ 25.1 ሲሆን ይጀምሩ።

ደረጃ 5፦ ሜትሩን ካሊብሬት ያድርጉ

84 ወይም 147 ማይክሮሲመንስ የሆነ ስታንዳርድ ሶሉሽን ይጠቀሙ። ያለዎት 1413 ብቻ ከሆነ በእሱ ካሊብሬት አድርገው በ147 ያረጋግጡ። 147 የሚያሳየው 1 ሚሊሞል ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሆነ ራስዎ ሊያዘጋጁት ይችላሉ፤ ነገር ግን ካሊብሬሽኑንም ማረጋገጫውንም ከአንድ ክምችት ካወጡ ክምችቱ ሲሳሳት ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ። ከ84 በታች ስታንዳርድ ማዘጋጀት ትርፉ ድካም ነው፤ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር አየር ይቀይረዋል።

ከስታንዳርዱ በኋላ ፕሮቡን ቢያንስ 5 ጊዜ ያለቅልቁ። የተረሳ አንድ ጠብታ (0.05 ሚሊሊትር) የ1413 ስታንዳርድ 200 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ወደ 0.37 ማይክሮሲመንስ ይጨምራል።

ደረጃ 6፦ የጨው ክምችቱን ያዘጋጁ

1. ንጹህ ፖታሲየም ክሎራይድ በ110 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ያድርቁ፣ በዴሲኬተር (እርጥበት በማያስገባ ዕቃ) ያቀዝቅዙ። በክረምት ይህን አይዝለሉ፤ የጅማ አየር እርጥብ ነው።
2. 0.7455 ግራም መዝነው 1 ሊትር በሚይዝ ቮሉሜትሪክ ፍላስክ ያሟሙ። ይህ 10 ሚሊሞል ነው።
3. ሚዛንዎ እስከ 0.01 ግራም ብቻ ከሆነ 7.46 ግራም በ1 ሊትር ያሟሙ። ከዚያ 100 ሚሊሊትር ወስደው ወደ 1 ሊትር ያቅጥኑ። የመመዘኑ ስሕተት ከ0.2 በመቶ በታች ይሆናል።
4. ለሶዲየም ክሎራይድ 0.5844 ግራም በ1 ሊትር። የገበታ ጨው አዮዲን የተጨመረበት ስለሆነ አይሆንም።

ደረጃ 7፦ እየጨመሩ ይለኩ

የተለመደው ዘዴ 1፣ 0.1 እና 0.01 ሚሊሞል በተለያዩ ፍላስኮች አቅጥኖ እያንዳንዱን መለካት ነው። ይህ ዘዴ ለቀጠነ ብጥብጥ ደካማ ነው። እያንዳንዱ ፍላስክ የራሱ ቆሻሻ፣ የራሱ ጋዝና የራሱ ሙቀት ስላለው ምን ያህል መቀነስ እንዳለብዎት አያውቁም። በምትኩ አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ፕሮብ ይዘው ጨውን በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ። መነሻው ለሁሉም አንድ ስለሚሆን ከስሌቱ በንጽሕና ይወጣል።

1. ባዶውን ጠርሙስ ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፣ የተመጣጠነውን ውሃ 200 ግራም ያፍስሱ።
2. ፕሮቡን ከግድግዳውና ከታቹ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር አርቀው ይንከሩ። የፕሮቡ የአየር ማውጫ ቀዳዳ ከውሃው በታች መዋል አለበት።
3. ፕሮቡን በጣትዎ ጫፍ ከላይ መታ መታ ያድርጉ። ኤሌክትሮዶቹ መካከል የተቀመጠች ትንሽ አረፋ ንባቡን ታወርዳለች፤ ስትወጣ ቁጥሩ በድንገት ዘሎ ይቆማል።
4. 2 ደቂቃ ይጠብቁና መነሻውን ይመዝግቡ። ለምሳሌ 0.90።
5. 200 ማይክሮሊትር ከ10 ሚሊሞሉ ክምችት ይውሰዱ። የፒፔቱን ጫፍ የውሃውን ገጽ አስነክተው ይልቀቁ። ጠርሙሱን በቀስታ ያዙሩ፣ ማግኔት ማዋሃጃ አይጠቀሙ።
6. 1 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ንባቡንና ሙቀቱን ይመዝግቡ።
7. 10 ጊዜ ይድገሙ።

እያንዳንዱ ጭማሪ ወደ 0.01 ሚሊሞል ነው። መነሻው 0.90 ከሆነ ሊያዩ የሚገባዎት፦ ከ1ኛው በኋላ 2.39፣ ከ2ኛው 3.88፣ ከ5ኛው 8.32፣ ከ10ኛው 15.64 አካባቢ። የመጨረሻው 15.9 ያልሆነው በአንድ በኩል የውሃው መጠን ወደ 202 ሚሊሊትር ስለደረሰ፣ በሌላ በኩል አዮኖቹ ትንሽ መጎታተት ስለጀመሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ቁጥሮቹን ያንብቡ

ለእያንዳንዱ ንባብ ትክክለኛውን መጠን ያስሉ፦ 10 × የተጨመረው ሚሊሊትር ÷ (200 + የተጨመረው ሚሊሊትር)። መጠኑን በአግድም፣ ንባቡን በቁም አድርገው በኤክሴል ወይም በግራፍ ወረቀት መስመር ያስምሩ። የመስመሩ ተዳፋት የፖታሲየም ክሎራይድ ሞላር ኮንዳክቲቪቲ ነው። ከ147 እስከ 151 ካገኙ ጥሩ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ የመስመሩ ቅርጽ ይናገራል፦

- መነሻው ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ትክክል ከሆነ ችግሩ ውሃው ወይም ጠርሙሱ ነው። የተዳፋቱን ውጤት መጠቀም ይችላሉ።
- ተዳፋቱ በሙሉ በአንድ በመቶኛ ከተዛባ ሙቀቱን፣ የሴል ቋሚውን፣ ፒፔቱንና ክምችቱን በዚሁ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። ፒፔቱን ለመፈተን 200 ማይክሮሊትር ውሃ 10 ጊዜ ሚዛን ላይ ይልቀቁ፤ 2.00 ግራም አካባቢ መሆን አለበት።
- የመጀመሪያው ጭማሪ ብቻ ከሌሎቹ ከበለጠ የፒፔቱ ጫፍ ውጪ ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ ነበረ። የመነሻውን ነጥብ ትተው መስመሩን ከ1ኛው ጭማሪ ጀምሮ ያስምሩ።
- ምንም ሳይጨምሩ ንባቡ ከወጣ ውሃው አልተመጣጠነም፣ ሙቀቱ እየጨመረ ነው፣ ወይም ፕሮቡ የድሮ ጨው እየለቀቀ ነው። ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ ይመልከቱ።
- ነጥቦቹ ወደ ላይ ወደ ታች ከተበታተኑ አረፋ፣ እርጥብ የኬብል መሰኪያ፣ ወይም ቋሚው 1 የሆነ ፕሮብ ነው።

ደረጃ 9፦ አዮኖቹን በልዩነት ይለዩ

ኮንዳክቲቪቲ ብቻውን ጥንድን እንጂ ነጠላ አዮንን አይሰጥም። ፖታሲየም ያለ ክሎራይድ ጠርሙስ ውስጥ አይገባምና። የሚሠራው ማቀናነስ ነው።

1. ደረጃ 7ን በሶዲየም ክሎራይድ ይድገሙ። ተዳፋቱ ወደ 126.4 ይሄዳል።
2. ከፖታሲየም ክሎራይድ ይቀንሱት። 23.4 ቀረ፤ ይህ ፖታሲየም ከሶዲየም የሚበልጥበት ነው።
3. በፖታሲየም ናይትሬትና በሶዲየም ናይትሬት ይድገሙ። ልዩነቱ እንደገና 23.4 አካባቢ ከሆነ አዮኖቹ በነጻነት እየሠሩ ነው። ክሎራይድ በናይትሬት ተተክቶም ፖታሲየሙ ድርሻውን አልቀየረም።
4. ነጠላውን ለማግኘት አንድ መልሕቅ ያስፈልጋል። የፖታሲየም የጅረት ድርሻ (ከሚያልፈው ጅረት እሱ የሚሸከመው ክፍል) በፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ 0.49 ነው። 0.49 × 149.8 = 73.4። የቀረው የክሎራይድ ነው። ከዚህ ተነስተው ሌሎቹን ሁሉ በመቀነስ ያገኛሉ።

በዚሁ መንገድ በቀጥታ የማይለካውን የአሴቲክ አሲድ ገደብ ያስሉ፦ ሶዲየም አሲቴት 91.0 ሲደመር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 426.1 ሲቀነስ ሶዲየም ክሎራይድ 126.4፤ ውጤቱ 390.7። አሴቲክ አሲድን እያቀጠኑ ይህን ቁጥር ለመድረስ አይሞክሩ። ደካማ አሲድ ስለሆነ መስመሩ ቀጥ አይልም፤ ገደቡ ሳይደርስም ከአየሩ አሲድ ጋር ይደባለቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ አሲድና ቤዝ መነሻቸው አይቀነስም

ለጨው የሠራው የ0.9 ቅነሳ ለአሲድ ያሳስታል። 0.01 ሚሊሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስሌቱ 4.26 ነው። የአሲዱ ሃይድሮጅን የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መበታተን ስለሚያፍን ከአየር የሚመጣው ድርሻ ከ0.9 ወደ 0.2 ይወርዳል። ሙሉውን 0.9 ከቀነሱ ወደ 0.7 አብልጠው ቀንሰዋል።

ቤዝ ከዚህ ይብሳል። 0.01 ሚሊሞል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር 2.5 መስጠት ነበረበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ፈጣኑን ሃይድሮክሳይድ (198.6) በዘገምተኛው ባይካርቦኔት (44.5) ይተካዋል፤ ንባቡ ዓይንዎ እያየ ወደ 1 ገደማ ይንሸራተታል። ቤዝ የሚለኩ ከሆነ ውሃውን ለ15 ደቂቃ ያፍሉ (በጅማ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል)፣ እስከ አፉ ሞልተው ትኩስ እንዳለ ይዝጉ፣ በባልዲው ያቀዝቅዙ፣ ጭማሪውንና ንባቡን በፍጥነት ይጨርሱ። ኮንሰንትሬትድ አሲድ ሲያቀጥኑ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አያፍስሱ።

ደረጃ 10፦ በዝናብ ውሃ ይሞክሩት

በጅማ በነጻ የሚገኝ በጣም የቀጠነ ብጥብጥ ዝናብ ነው። የአዌቱ ወንዝ ወይም የቦዬ ረግረግ ውሃ ለዚህ ሥራ ወፍራም ነው፤ ጭቃና ኦርጋኒክ ነገርም አለበት።

1. የታጠበ የፕላስቲክ ሳፋ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ከቆርቆሮ የሚወርድ ውሃ አይውሰዱ፤ ዚንክና አቧራ ይዞ ይመጣል።
2. ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ይግለጡት፣ ሲያባራ ወዲያው ይሰብስቡ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ ለየብቻ ይያዙ፤ አየሩን የሚያጥበው እሱ ስለሆነ ከኋለኛው ይወፍራል።
3. ኮንዳክቲቪቲውን በዚያው ቀን ይለኩ። ፒኤችና የአዮን ምርመራው ከተለየ ክፍል ይወሰድ፤ የፒኤች ኤሌክትሮድ ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሚያፈስ ኮንዳክቲቪቲ በሚለካበት ዕቃ ውስጥ አይንከሩት።
4. የእያንዳንዱን አዮን ድርሻ አስልተው ይደምሩ።

የሚከተለው ለልምምድ የተቀመጠ እንጂ የጅማ ዝናብ ውጤት አይደለም። መጠኖቹ በሚሊሞል ናቸው፦

- ካልሲየም 0.010 → 1.19
- አሞኒየም 0.015 → 1.10
- ሶዲየም 0.010 → 0.50
- ፖታሲየም 0.003 → 0.22
- ሃይድሮጅን 0.005 (ፒኤች 5.3) → 1.75
- ክሎራይድ 0.014 → 1.07
- ናይትሬት 0.014 → 1.00
- ሰልፌት 0.012 → 1.92
- ባይካርቦኔት 0.001 → 0.04

ድምሩ 8.79 ማይክሮሲመንስ። ከመደመርዎ በፊት ቻርጁን ይፈትሹ፦ ካልሲየምና ሰልፌት በ2 ሲባዙ ፖዘቲቩ 0.053፣ ኔጋቲቩም 0.053 ነው። ካልተመጣጠነ አንድ አዮን አልተመረመረም።

ሃይድሮጅንን ይመልከቱ። ከፖዘቲቭ ቻርጁ ከ10 በመቶ በታች ይዞ ከጠቅላላው ኮንዳክቲቪቲ 20 በመቶውን ተሸክሟል። ስለዚህ የፒኤች 0.1 ስሕተት ከሶዲየም የ25 በመቶ ስሕተት በላይ ድምሩን ያናጋል። ፒኤች ሜትሩን በጥንቃቄ ካሊብሬት ያድርጉ፤ የቀጠነ ውሃ ውስጥ ቀርፋፋ ስለሆነ 5 ደቂቃ ይስጡት።

የለኩት ከድምሩ ከ10 በመቶ በላይ ከበለጠ ያልተመረመረ አዮን አለ፣ ወይም ሳፋው ቆሽሿል። ካነሰ መጀመሪያ ፒኤቹን፣ ቀጥሎ ሙቀቱን ይጠርጥሩ።

ሲጨርሱ

ፕሮቡን 5 ጊዜ በዲስቲልድ ውሃ ያለቅልቁ፣ አራግፈው ደርቆ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ጥቁር ፕላቲነም የተቀባ ከሆነ ግን አያድርቁት፣ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት። ቅባት ከነካው በአልኮል፣ ነጭ የኖራ ቅርፊት ከያዘ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ነክረው ያጽዱ። ከአሲድ በኋላ ንባቡ ወደ መነሻው እስኪመለስ ያለቅልቁ፤ የሃይድሮጅን 349.8 ከሁሉም ስለሚበልጥ የቀረች ትንሽ አሲድ የነገውን መነሻ ታበላሻለች። የ10 ሚሊሞሉን ክምችት አጥብቀው ዘግተው ቀኑን ይጻፉበት። 0.1 ሚሊሞልና ከዚያ በታች ያለውን ግን ዕለቱኑ ይድፉት።